የእናት ስም የሚጻፍበት ቦታ

ይህን ታሪክ እህቴ ባንቺአየሁ በየሰርጉና በየተዝካሩ ስታወራው ሰምታችሁ ከሆነ እርሱት። እሷ ስታወራው «ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ነበር» ትላለች። ቴሌቪዥኑ ምንም አልሆነም። በዚያ ቀን ደብረ ታቦር ውስጥ ሳይበላሽ የዋለ ነገር ቢኖር ያ ቴሌቪዥን ብቻ ነው።

እኔ ወሬ አላበዛም። ሰው ቤቴ ሲመጣ እንኳ በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የማናግረው። ጎረቤቶቼ «የውብዳር በሯንም አፏንም በልክ ነው የምትከፍተው» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ግን ዝም ያለ ሰው ታሪኩን ሌላ ሰው እንደሚያወራለት ዘግይቼ ገባኝ። ስለዚህ ይህችን አንዲት ቀን ራሴ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ እወቁልኝ። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። እናታችን ስትሞት ባንቺአየሁ ገና የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ጸጉሯን እየሠራሁ፣ ትምህርት ቤት እያደረስኩ፣ ሲከፋት እያባበልኩ ለወግ አበቃኋት።

ስታገባ ሁለት ወንበር ወጣ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ አባትና እናት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እሷ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ትስማለች፣ እነሱም ይመርቋታል። በእኛ አገር ጉልበት ያልሳመች ሙሽራ ወጣች ይባላል እንጂ ተዳረች አይባልላትም። አባታችን ስላልነበረ በአንደኛው ወንበር አጎታችን ጋሽ አድማሱ ተቀመጡ። በሁለተኛው ልቀመጥ ነጠላዬን ሳስተካክል አንዲት አክስታችን «ያላገባች ሴት ጉልበት አይሳምም፤ ለሙሽራዋ ገደ ቢስ ነው» አለች። ወንበሩ ባዶውን ቀረ፤ እኔም ከጀርባው ቆምኩ። ባንቺአየሁ የጋሽ አድማሱን ጉልበት ሳመች፤ በባዶው ወንበር በኩል አለፈች፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል። ሐኪሙ ብርድ ነው ይላል። ሐኪሙ ሰርጉ ላይ አልነበረም።

ያ ትዳር አልሰመረም። ባንቺአየሁ ስንዱን ወለደች፤ ጡት እንዳስጣለቻት እኔ ዘንድ አመጣቻትና «እትዬ፣ እስክደላደል ያዥልኝ» ብላ ባሕር ዳር ሄደች። መደላደል ረጅም ሥራ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ስንዱ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ድረስ አላለቀም። ለዓመት በዓል በትላልቅ ፌስታል ልብስ ይዛ ትመጣለች፤ ልብሱ ሁልጊዜ ለልጅቷ ይጠብባታል፤ የልጅቷን ልክ ከአምናው ነው የምታውቀው።

ስንዱ እኔን «እምዬ» ትለኛለች፤ የወለደቻትን «እታለም»። ወረቀቱ ግን የአፍ ነገር አይሰማም። የክትባት ካርዱ ላይ እናት ባንቺአየሁ ነች። ትምህርት ቤት እኔ «አሳዳጊ» ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ «አክስት»። የተመረቀች ቀን ባንቺአየሁ የልጅቷን ካባ ለብሳ ፎቶ ተነሣች፤ ፎቶው ባሕር ዳር ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል። እኔም ፎቶው ውስጥ አለሁ። ክርኔ ይታያል።

እንግዲህ ስንዱ የተማረችው ኮምፒውተር ነው። ገሳይ የሚባለውን ከተማ ልጅ ደመላሽን ልታገባ ቀን ሲቆረጥ «የጥሪ ካርድ አላሳትምም፤ አፕ ነው የምሠራው» አለች። ለማታውቁት፣ አፕ ማለት እንግዳው በስልኩ የሚከፍተው ነገር ነው። ጥሪው አንድ ገጽ፣ የቀኑ መርሐ ግብር አንድ ገጽ፣ «ቤተሰቡን ይተዋወቁ» የሚል አንድ ገጽ፣ «ለማንኛውም ጉዳይ የሚደውሉት» የሚል ደግሞ ሌላ ገጽ። ዳሱ በር ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ይሰቀልና ያንኑ ያሳያል።

ሰርጉ ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጓሮ ሽንኩርት እየላጥኩ ስልኬን ከፈት አደረግሁት። የጥሪው ገጽ «የሙሽራዋ እናት ወ/ሮ የውብዳር» ይላል። ደስ አለኝ። በጣቴ ወደ ቤተሰቡ ገጽ ሸርተት ስል «የሙሽራዋ እናት ወ/ሮ ባንቺአየሁ» ይላል። ደስታዬ እዚያው ቀረ።

«ስንዱ! ስንት እናት ነው ያለሽ አንቺ?»

ሮጣ መጣች፤ አየችና ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «እያንዳንዱን ገጽ በተለያየ ቀን ስሠራ ስሙን በየገጹ ለየብቻ ጽፌው ነው እምዬ። አንዱን ባርመው ሌላው አይሰማም።»

«እንደ ክትባት ካርድሽና እንደ ትምህርት ቤትሽ በይኛ።»

«እንደሱ። ግን እንዲህ መሠራት አልነበረበትም። ስሙ አንድ የጋራ ቦታ ላይ ብቻ ነው መቀመጥ ያለበት። ገጾቹ ሁሉ ከዚያ ያነባሉ። እዚያ ከተለወጠ በሁሉም ገጽ፣ በእንግዳው ሁሉ ስልክ፣ ቴሌቪዥኑም ላይ ይለወጣል።»

«የጨው ነገር ነው የምትነግሪኝ።»

«እንዴት?»

«ምግብ ቤት ጨው በየሳህኑ አይጨመርም። በየሳህኑ ከጨመርሽ አንዱ እንግዳ ምላሱ ይቃጠላል፣ ሌላው ጨው አምጡልኝ ብሎ ይጮኻል። ድስቱ ውስጥ ነው የምትጨምሪው፤ ሳህኑ ሁሉ ከድስቱ ይቀዳል።»

ስንዱ በሳቅ ጓሮው ውስጥ ተቀመጠች። «እሱ ነው! በቃ እሱ ነው።»

«ነገር ግን ልጄ፣ ድስቱ ውስጥ ከበዛ የሚተርፍ ሳህን የለም።» ይህን ያልኩት ስለ ጨው ነበር። «ታዲያ ድስቱ ውስጥ ማንን ትጨምሪያለሽ?»

ሳቋ ቆመ። አንድ ሽንኩርት አንሥታ መላጥ ጀመረች፤ የተላጠውን ነበር የምትልጠው። ቆይታ «ባዶ ልተወው» አለች። «ለአንቺም ለእታለምም ከስልካችሁ መጻፍ እንድትችሉ እከፍተዋለሁ። የጻፈችው ሰው ስልክ ቁጥር ከስሟ ጋር አብሮ ይሄዳል። ተስማምታችሁ ሙሉት። መጨረሻ የተጻፈው ይጸናል።»

ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሽንኩርቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ይህች ጎበዝ ልጅ የሠራችው ስሕተት ይኸው ነው። በጨው ልክ እንኳ ተስማምተው ለማያውቁ ሁለት ሴቶች አንድ ድስትና ሁለት ማማሰያ ሰጠቻቸው።

ባንቺአየሁ ከሰርጉ ዋዜማ፣ ጎማ ባለው ሻንጣና ከአንገቷ በሚበልጥ ጸጉር ደረሰች። ስለ ስሙ አንዳችንም አላነሣንም። ስለ ዳሱ፣ ስለ ጠላው፣ ስለ ገሳይ ሰዎች ቁመት አወራን። በማግስቱ ጠዋት፣ ዳሱ ውስጥ ወንበር ሲደረደር፣ ስልኬን አወጣሁና በባዶው ቦታ ስሜን ጻፍኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ፊደሉ የቤት በር አክሎ ወጣ። ትንሽ ቆሜ አየሁት። ሰው ስሙን እንዲያ ተልቆ ሲያየው ወገቡ ቀጥ ይላል።

ጋሽ አድማሱ አርጅተዋል፤ ግን ዛሬም ያው ወንበር ያው ቦታቸው ነው። ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደ ዳዊት ደጋሚ ፊደል በፊደል ያነባሉ።

«የሙሽራዋ... እናት... ወይዘሮ... የ... ው... ብ...» ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ገለጡ። «ባንቺ... አየሁ? ኧረ የኔ ልጅ፣ ይሄ ሳጥን አንብቤ ሳልጨርስ ሰው ይለውጣል!»

ዞር ስል ባንቺአየሁ ከሙሽራዋ ክፍል በራፍ ስልኳን ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ ሰማይ ሰማይ ያያል። መልሼ ስሜን ጻፍኩ። እሷም ጻፈች። ጻፍኩ። ጻፈች። እንግዶች ምግቡን ትተው ወደ ቴሌቪዥኑ ይሰበሰቡ ጀመር። በዚህ ጊዜ እሷ በስሟ ላይ ጨመረችበት፦ «ወ/ሮ ባንቺአየሁ፣ የወለደቻት»።

እኔም «ወ/ሮ የውብዳር፣ ያሳደገቻት» አልኩ።

«ወ/ሮ ባንቺአየሁ፣ ዘጠኝ ወር በሆዷ የተሸከመቻት።»

«ወ/ሮ የውብዳር፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በጀርባዋ የተሸከመቻት።»

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። አንዱ «አይዞሽ እትዬ የውብዳር!» ሲል ሌላው «ወላድን የሚያህል የለም!» ይላል። ጋሽ አድማሱ ብቻ በእጃቸው ሁሉንም ዝም ያሰኛሉ፤ «ቆዩ እስቲ፣ ገና 'በሆዷ' ላይ ነኝ!»

በዚህ መሐል አንድ ነገር አስተዋልኩ። ስሜ ቴሌቪዥኑ ላይ በወጣ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። «የሙሽራዋ እናት ነዎት? የሙሽራው አውቶቡስ ጎማ ፈንድቶበታል፤ እንዘገያለን።» «የሙሽራዋ እናት፣ የሙስሊም እንግዶች ድስት የቱ ነው?» የእሷ ስም ሲወጣ ደግሞ የእሷ ስልክ ይጮኻል፤ አንሥታ «ቆይ... እ... ይደወልልዎታል» ትላለች። ለካ «ለማንኛውም ጉዳይ የሚደውሉት» የሚለውም ገጽ የሚቀዳው ከዚያው ድስት ነው! የእናትን ስም የወሰደ ሰው የእናትን ሥራም አብሮ ይወስዳል። እኔ ይህ ገባኝ። ባንቺአየሁ አልገባትም።

ስልኬን አጠፋሁና ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት። የእሷ ስም ጸና። ጥላ ያለበት አግዳሚ መርጬ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ በሰው ድግስ እንደ እንግዳ እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ባንቺአየሁ ማሸነፏን አይታ ፈገግ አለችልኝ። እኔም ፈገግ አልኩላት። እኔ ለእሷ ፈገግ ስል ልትጠራጠር ይገባት ነበር።

ብዙም አልቆየች፤ በረጅም ታኮ እየተንገዳገደች መጣች። «እትዬ፣ የሙስሊሞቹ ድስት የቱ ነው?»

«የሙሽራዋን እናት ጠይቂያት።»

ሄደች። ተመለሰች። «እትዬ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ?»

«የምትጠየቀው ቴሌቪዥኑ ላይ ተጽፏል።»

«እትዬ እባክሽ፤ የገሳይ ሽማግሌዎች የሚቀመጡት በየትኛው በኩል ነው? ሰውዬው ስልኩን አልዘጋም ብሎኛል!»

«እኔ አሳዳጊ ነኝ። ይህ ለወላጅ የሚቀርብ ጥያቄ ነው።»

ጋሽ አድማሱ ከወንበራቸው ሆነው ይህን ሁሉ ይሰማሉ። «የውብዳር» አሉኝ ጎንበስ ብለው፣ «አንቺ ልጅ ክፉ ነሽ።»

«አዎን ጋሼ» አልኳቸው።

«ጎሽ። ጠላ ቅጂልኝ።»

የሙሽራው አጃቢዎች እየዘፈኑ ሰፈሩ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ባንቺአየሁ እንደገና መጣች። ታኮዋን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ። ስንዱ በሩን ከውስጥ ቆልፋዋለች። ሚዜዋ ደውላ 'እናቷ አይደለሽ፣ ነይ' አለችኝ። አንኳኳሁ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። አትመልስም። አልወጣም ብላ እንደሆነስ? ምን ላድርግ?»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የሙሽራዋን እናት ጠይቂያት። ታውቁታላችሁ፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ዋጥ የማደርግ ሰው አይደለሁም። ግን ጫማዋን ይዛ የቆመችበት ሁኔታ፣ በልጅነቷ አንድ ጊዜ ወንዝ ገብታ ጫማዋን አርጥባ ልትቆጣኝ ነው ብላ በር ላይ የቆመችበትን ቀን አስታወሰኝ። ደግሞም ውስጥ ያለችው ልጅ የማናችንም መቀለጃ አይደለችም። የዘፈኑ ድምፅ እየቀረበ ነው። ሙሽራዋ አልወጣም ካለች ደመላሽ በአገሩ ሰው ፊት ውርደት ይከናነባል፤ ስንዱም ደስታዋን በገዛ እጇ ዘግታበት ትቀራለች።

ተነሣሁና ወደ ማጀት ገባሁ። አንድ ሰፌድ ምስር ይዤ ወጣሁ።

«ምስር?» አለች ባንቺአየሁ። «አሁን ምስር ምን ያደርጋል?»

«ተከተይኝ።»

ስንዱ ከልጅነቷ ጀምሮ ሲከፋት በር ትዘጋለች። አታንኳኩባትም፤ አትጠሯትም። ጀርባችሁን ለበሩ ሰጥታችሁ መሬት ላይ ትቀመጡና ምስር ትለቅማላችሁ። ምስሩ ሰፌዱ ላይ ሲንሸራተት ትሰማዋለች፤ ሰው እንዳለ ታውቃለች፤ ማንም ምንም እንደማይጠይቃት ታውቃለች። ጊዜዋን ትወስዳለች እንጂ ትወጣለች። ይህ የትም አልተጻፈም።

በሩ ሥር ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ እየጮኸ። ባንቺአየሁም በዚያ በሚያብለጨልጭ ቀሚሷ አጠገቤ ተዘረፈጠች። ሚዜዎቹ አፋቸውን ይዘው ያዩናል። ዘፈኑ ግቢው ውስጥ ገብቷል።

«ምን እያደረግን ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይና ልቀሚ።»

ለቀመች። ቆይታ፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ፣ «እኔንም እንዲህ ታደርጊኝ ነበር» አለች።

«ያንቺ ባቄላ ነበር።»

ምስሩ ይንሸራተታል። ከዚያ ከበሩ ጀርባ፦

«እምዬ?»

«አለሁ።»

«እታለምስ?»

«አለች። ምስር ትለቅማለች። ምስሩን ጥላ ድንጋዩን እያስቀረች ነው።»

አጭር ሳቅ ሰማን፤ ከሳቁም ቀጥሎ ለቅሶ። ስንዱ ወደ በሩ ተጠግታ መሬት ላይ ስትቀመጥ ቀሚሷ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት።

«ስልኬ ላይ አየሁት» አለች። «ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ እያየው ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እናትሽ ማን ናት ስባል እንደየቤቱ ነው ስመልስ የኖርኩት። ትምህርት ቤት ሌላ፣ ቤተ ክርስቲያን ሌላ፣ ባሕር ዳር ስሄድ ሌላ። አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ እንዲያበቃ ነበር የፈለግሁት። ራሴ ልጽፈው እጄ እምቢ አለኝ፤ አንዳችሁን ከምደመስስ ብዬ ለእናንተ ተውኩት። እናንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትደመሳሰሱ ዋላችሁ። አሁን ልወጣ ነው። ለእናት ያለው አንድ ወንበር ነው። የማንን ጉልበት ስሜ ነው የምወጣው?»

እጄ ሰፌዱ ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት ያ ጥያቄ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«የእሷን» አለች ባንቺአየሁ።

ቀና ብዬ አየኋት። ስልኩ ሰልችቷት ነው ብዬ መጠርጠሬን አልደብቃችሁም።

«የእትዬን ጉልበት ሳሚ» አለች ለበሩ። «ቴሌቪዥኑ የፈለገውን ይበል።»

«አንቺስ እታለም?»

«እኔ ከወንበሩ ጀርባ እቆማለሁ። እትዬ ቆማበት ታውቃለች፤ እንዴት እንደሚቆም ታሳየኛለች።»

«ቀና ብለሽ እንኳ አላየሽኝም ነበር!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሏል መሰለኝ፤ ሚዜዎቹ ወደ ኋላ አሉ።

«አይቼሻለሁ። ጫማሽን አየሁት። ቀና ብዬ ፊትሽን አይቼው ቢሆን ኖሮ አልወጣም ነበር፤ ጎትተሽ ብታስወጪኝም አልወጣም። አክስቴ ደግሞ ቆማ ታየኛለች። ልጅ ነበርኩ እትዬ።»

የበሩ ቁልፍ ተንቋቋ። ስንዱ ዓይኗ ሥር ያለው ኩል ወርዶ፣ የበግ ግልገል መስላ ወጣች። አንዳችንንም ሳታስቀድም መሐላችን ቁጢጥ ብላ በሁለት እጇ አንገታችንን ያዘች። ሰፌዱ ተደፋ። በዚያ ሰርግ የባከነው ምግብ ያ ምስር ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ዳሱ ወጣን። ጋሽ አድማሱ በወንበራቸው፣ እኔም በሁለተኛው ወንበር። ጥርሴን ነክሼ ነው የተቀመጥኩት፤ ስሜቴን ሰው እንዳያይብኝ።

«አሁን ማን ነው የተቀመጠው?» አሉ ጋሽ አድማሱ።

«እኔ ነኝ ጋሼ፤ የውብዳር።»

«ሳጥኑ ላይ ግን ባንቺአየሁ ነው የሚለው።»

«ይበል።»

ከገሳይ የመጡ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌ ቴሌቪዥኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። «ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ እንግዲህ ልጅዎን ይመርቁልን።» ዳሱ ሳቁን አፈነ። እኔም ላርማቸው አፌን ስከፍት፣ ስንዱ ገና ጎንበስ ሳትል፣ ባንቺአየሁ ከጀርባዬ ዞራ መጣችና በባዶ እግሯ ፊቴ ተንበረከከች።

«ኧረ ቆይ፣ ሙሽራዋ ትቅደም!» አሉ ጋሽ አድማሱ።

«እኔም ሙሽራ ነኝ ጋሼ» አለች። «ዘግይቼ ነው።»

ሁለቱንም ጉልበቴን ሳመች። ያን ሁሉ ዓመት ለዚች ሰዓት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ረጅም ነው፤ ጥሩ ጥሩ ስድብም አለበት። አንዱም አልመጣልኝም። እጄን ራሷ ላይ ልጭን ስል ደረቷ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። አልቆመም። እንደተንበረከከች አወጣችው።

«ሃሎ... አዎን፣ የሙሽራዋ እናት ነኝ... ቆይ ልጠይቅልህ።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ጉንጯ ረጥቧል። በዚያኛው ሰርግ ያላየችውን ፊቴን በዚህኛው አየችው። «እትዬ፣ የጠጅ ብርሌው የት ነው ይላሉ?»

«አልጋ ሥር» አልኩ። «በጭድ ተጠቅልሎ።» ይህን ስል ነው ያለቀስኩት። ሰው ሁሉ በመሳሟ ያለቀስኩ መስሎታል።

ከእሷ ቀጥሎ ስንዱ ሳመችኝ፤ ከእኔም አልፋ የእናቷን ጉልበት፣ ባንቺአየሁ ተመልሳ ከወንበሩ ጀርባ ቆማ ሳለች፣ ጎንበስ ብላ ሳመች። መረቅኳት። ምን ብዬ እንደመረቅኳት ለእናንተ አልናገርም፤ የእሷ ነው።

አንባቢዎቼ፣ «እና ይቅር ተባባላችሁ?» ትሉኝ ይሆናል። ይቅርታ እንደ ሰርግ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም። ያ ካባ የለበሰችበት ፎቶ አሁንም ሳሎኗ ውስጥ ተሰቅሏል፤ እኔም አሁንም ክርን ነኝ። ጉልበቴም አሁንም ይቆረጥመኛል፤ ሐኪሙ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስሜን በየካርዱና በየወረቀቱ ላይ ስፈልግ ኖርኩ፤ ባጣሁበት ሁሉ አዘንኩ። ያ ሁሉ ሳህን ነበር። ስንዱ በሩን ከውስጥ ዘግታ መጀመሪያ የጠራችው ማንን እንደሆነ እናንተም ሰምታችኋል። ከዚያ ወዲህ ሳህን ማየት ትቻለሁ። ባልተውም እንኳ ቀንሻለሁ።

አሁን የመጨረሻውን ልንገራችሁና በሬን ልዝጋ። ስንዱ ገሳይ ገብታ ኑሮዋን ያዘች፤ ያን አፕ ግን ማንም ከስልኩ አላወጣውም። ሰዉ ለምዶታል፤ ድስት ሊዋስ ሲፈልግ፣ የዳስ ሸራ ሲቸግረው፣ ያንኑ ከፍቶ «ለማንኛውም ጉዳይ የሚደውሉት» የሚለውን ይነካል። ባሕር ዳር ባንቺአየሁ ቤት ይደውላል። ባንቺአየሁ መልሱን ስለማታውቅ ወዲያው ለእኔ ትደውላለች። ድሮ ከፋሲካ እስከ መስቀል ድምፅዋን የማልሰማላት ሴትዮ አሁን በየቀኑ፣ አንዳንዴም ቁርሴን ሳልጨርስ፣ «እትዬ፣ ያ ትልቁ ብረት ድስት ማን ጋ ነው ያለው?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። ከዚያ ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኛለች። ከዚያ እንዲሁ እናወራለን።

በቅርቡ «ይህን ስሜን ከዚያ ነገር ላይ የሚያነሣልኝ ሰው አጣሁ፤ አንቺ አታውቂበትም?» አለችኝ።

አውቅበታለሁ። ማማሰያው አሁንም እጄ ላይ ነው። በአንድ ጣት ይነሣል።

«አላውቅም እህቴ» አልኳት።